የሽጉጥ ጥይት ላይ አረሩን ከተለመደው ውጭ ማስቀመጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በውጭ አገር የዒላማ ተኩስ ክለብ ውስጥ ቆይቼ ወደ ባሕር ዳር ከተመለስኩ ወዲህ፣ አረር አጥልቆ ወይም ገልብጦ የሚተኮስበትን ቪዲዮ በስልካቸው ያዩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው (ከአዋጁ ቁጥር በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ጥይት፣ አረር፣ ቀለህ፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በሰፈር ወሬ ሁሉም «ጥይት» ይባላል። እዚህ ግን መለየት ግድ ነው። አንድ ሙሉ ጥይት አራት ነገር ይዟል። ቀለሁ ብዙ ጊዜ ከናስ የሚሠራው እቃ ነው። ከቀለሁ ኋላ፣ መሐል ላይ፣ ማቀጣጠያዋ ትቀመጣለች። ውስጡ ባሩድ አለ። ከፊት ያለው ደግሞ አረሩ ነው፤ ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደው እሱ ብቻ ነው። ቃታ ሲሳብ መርፌው ማቀጣጠያዋን ይመታል፤ ባሩዱ ይነድዳል፤ የተፈጠረው ጋዝ አረሩን ይገፋዋል።

ለምሳሌ የምጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ 9×19 የሚባለውን የሽጉጥ ጥይት ነው። ጀርመናዊው ጌዮርግ ሉገር በ1902 ካወጣው ወዲህ በዓለም ላይ እጅግ ከተሰራጩት የሽጉጥ ጥይቶች አንዱ ሆኗል። የቀለሁ ርዝመት 19.15 ሚሊሜትር ነው። አረሩ ተቀምጦ ጥይቱ በሙሉ ሲለካ ደግሞ ከ29.69 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም። ይህን ሁለተኛ ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ጥይት በቤት መሙላት የሚባለው ምንድን ነው? ሰዎችስ ለምን ይሠሩታል?

የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም። ይጸዳል፣ በመጭመቂያ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ አዲስ ማቀጣጠያ ይገባበታል፣ ባሩድ ተመዝኖ ይጨመራል፣ በመጨረሻ አዲስ አረር ይቀመጥበታል። አሜሪካ ውስጥ ለግል ጥቅም በሕግ የተፈቀደና በጣም የተለመደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ጀርመን ውስጥ ኮርስ ወስዶ፣ ተፈትኖ፣ የባሩድ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል።

ሰዎች የሚሠሩት ወጪ ለመቀነስና ለራሳቸው ሽጉጥ የሚስማማ ጥይት ለማግኘት ነው። እውነቱን ለመናገር ውብ ሙያ ነው። ትዕግሥትና ንጽሕና ይጠይቃል። ባሩዱ የሚመዘነው ግሬን በሚባል መለኪያ ነው፤ አንድ ግሬን ከ65 ሚሊግራም ጥቂት ያንሳል። ጥሩ ባለሙያ የአንድ ግሬን አንድ አሥረኛ ልዩነት ያስጨንቀዋል። የታተመ የባሩድ ሠንጠረዥ ከፊቱ ሳይኖር እጁን አያነሳም። ሠንጠረዡ ላይ የአረሩ ዓይነት፣ የባሩዱ ስም፣ መጠኑ፣ የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት አንድ ላይ ተጽፈዋል። ከአራቱ አንዱ ከተቀየረ የተቀሩት ሦስቱ ዋስትና አይሆኑም።

ባሕር ዳር ውስጥ ይህን መሥራት ይቻላል?

አይቻልም። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያም ሆነ ጥይት ያለ ፈቃድ ማምረት ክልክል ነው። ዘጌም፣ ጎርጎራም፣ ደቅ ደሴትም ያው ነው። የሽጉጥ ፈቃድ ያለው ሰው ጥይት የመሥራት ፈቃድ አለው ማለት አይደለም።

ሕጉን ለጊዜው እንተወውና ቁሳቁሱን ብቻ እንይ። ስሙ የታወቀ፣ ሠንጠረዥ ያለው ባሩድ እዚህ አይገኝም። አንዳንድ ልጆች «ከሌላ ጥይት አውጥተን እንጠቀማለን» ይሉኛል። ከሁሉም በላይ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው። የጠመንጃ ባሩድና የሽጉጥ ባሩድ በዓይን ሲታዩ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። የመንደድ ፍጥነታቸው ግን በጣም ይለያያል። ስሙ ያልታወቀ ባሩድ መጠኑም አይታወቅም።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው የአሠራር መመሪያ ለመስጠት አይደለም። ሰዎች በስልካቸው ያዩትን ነገር እንዲረዱት፣ ሽጉጥ በሕግ የያዙም የራሳቸውን ጥይት እንዲጠነቀቁ ነው።

አረሩ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል?

ከአረሩ በታች ያለችው ባዶ ቦታ በጣም ትንሽ ስለሆነች ነው። በ9×19 ጥይት ውስጥ አረሩ ከተቀመጠ በኋላ ለባሩዱ የሚቀረው ቦታ ከግማሽ ሴንቲሜትር ኩብ ብዙም አይርቅም። አረሩ ከልኩ በሦስት አራተኛ ሚሊሜትር ብቻ ጠልቆ ቢገባ ከዚያ ቦታ አንድ አሥረኛ ያህሉ ይጠፋል።

ቦታው አንድ አሥረኛ ስለቀነሰ ግፊቱ አንድ አሥረኛ ብቻ የሚጨምር ይመስላል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብስክሌት ያለው የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ የፓምፑን አፍ በጣቱ ዘግቶ ሲጫነው አየሩ እንዴት እንደሚገፋው ያውቃል። እዚያ ግን አየሩ አይጨምርም፤ ይታመቃል እንጂ። ጭስ አልባ የሚባለው የዛሬው ባሩድ ግን ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ራሱ በፍጥነት ይነድዳል። በፍጥነት ሲነድድ ደግሞ ግፊቱን ይጨምራል። አንዱ ሌላውን እያባባሰው ይሄዳል። ይህ ሁሉ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

ስፒር የተባለው የአሜሪካ ጥይት አምራች ያወጣው አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። በ9×19 ጥይት ላይ ሆን ብለው አረሩን 0.76 ሚሊሜትር ያህል አጠለቁት። ባሩዱን አልነኩትም። በመለኪያቸው 28,000 የነበረው ግፊት ወደ 62,000 ወጣ፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ፖሊ ገብቶ ሌዝ ማሽን ላይ የሠራ ሰው 0.76 ሚሊሜትር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገባዋል። ለሌላው ሰው፦ የጥፍር ውፍረት ቢባል ብዙም አይርቅም።

አያቶቻችን ቀለህ ሰብስበው ይሞሉ አልነበር? እነሱ ምን ሆኑ?

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ደስ ብሎኝ የምመልሰውም። ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ነው፤ 11 ሚሊሜትር አረር የሚተኩስ። የውጅግራ ጥይት በአገራችን ገበያ ከአሞሌ ጎን እንደ ገንዘብ ያገለገለበት ዘመን ነበር። እንዲህ ያለ ዋጋ ያለው ነገር በከንቱ አይጣልም። ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋትም የአፄ ቴዎድሮስ መድፎች የተሠሩባት ቦታ ናት። የጣና ዙሪያ ሰው ለብረትና ለባሩድ አዲስ አይደለም።

ልዩነቱ ባሩዱ ላይ ነው። የዚያ ዘመን ባሩድ ጥቁሩ ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ቀለሁን እስከ አረሩ ሥር ይሞላዋል። በስህተት እጥፍ ልጨምር ቢባል ቦታ የለውም። ግፊቱም እንደ አዲሱ በድንገት አያሻቅብም። ከዚያ በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪየይ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ለበን የምንለው የ1886ቱ ሌቤል ጠመንጃ በዚያው ባሩድ ወጣ።

ጭስ አልባ ባሩድ በትንሹ ብዙ ይሠራል። በአንዳንድ የዒላማ ሽጉጥ ጥይት ውስጥ ባሩዱ የቀለሁን ጥቂት ክፍል ብቻ ስለሚይዝ እጥፉ ቢጨመር እንኳ ከላይ ሲያዩት አይታወቅም። ስለዚህ በዓይን ግምት የሚሞላ ሰው ውጅግራ ላይ ይተርፍ ነበር። ያው ሰው ያንኑ ልማድ ወደ ዛሬው ሽጉጥ ቢያመጣ እጁን ያጣል። የአያቶቻችን ብልሃት ለነሱ ባሩድ ልክ ነበር፤ ለኛው ግን አይሆንም።

ማጥለቅ አደገኛ ከሆነ አረሩን ወደ ውጭ ረዘም ማድረግ አይሻልም?

በመጠኑ ቦታውን ያሰፋዋል፤ እስከ አንድ ልክ ግፊቱን ይቀንሳል። የዒላማ ተኳሾች አረሩ ከበርሜሉ ጠመዝማዛ ቦይ ጋር የሚገናኝበትን ርቀት እየለኩ ጥቂት የሚያስረዝሙት ለዚህና ለትክክለኛነት ነው።

ግን ሦስት ነገር ያግዳል። መጀመሪያ ካዝናው ውስጥ አይገባም፤ የ29.69 ሚሊሜትሩ ጣሪያ የተቀመጠውም ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ አረሩ ጥይቱ ሲጎርስ ቦዩ ላይ ከተጨነቀ ለመነሳት ይቸገራል፤ ያን ጊዜ ግፊቱ እንደገና ይወጣል። ሦስተኛ፣ በጣም የወጣ አረር በቀለሁ የሚያዘው ክፍል ስለሚያንስ በቀላሉ ይነቃነቃል፤ ሽጉጡ በኃይል ሲያጎርሰው ተገፍቶ ወደ ውስጥ ሊሰምጥም ይችላል።

አረሩን ገልብጦ፣ ጠፍጣፋውን ወደ ፊት አድርጎ መትከልስ?

ቪዲዮ ላይ በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደሮች የእንግሊዝን ታንክ ለመብሳት የጠመንጃ አረር ገልብጠው፣ ባሩድ ጨምረው ተኩሰዋል። መሣሪያቸውም ተጎድቷል፣ ተኳሹም ተጎድቷል።

በሽጉጥ ዘንድ የሚታወቀው ደግሞ በአሜሪካ የሪቮልቨር ተኳሾች ያደረጉት ነው። ሪቮልቨር ጥይቱን በሚዞር ጎማ ውስጥ የሚይዘው ሽጉጥ ነው። ለዒላማ የሚሠራ፣ ኋላው ጎድጓዳ የሆነ ለስላሳ የእርሳስ አረር አለ። እሱን ገልብጠው ጎድጓዳውን ወደ ፊት ያደርጉታል። ሲመታ እንዲከፈት ነው ዓላማው። ይከፈታል፤ በቅርብ ርቀት ብቻ ግን። ትንሽ ሲርቅ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያመዝን ሚዛኑን አይጠብቅም፤ እየተገለባበጠ ይሄዳል።

በራሱ በሚያጎርስ ሽጉጥ ላይ ደግሞ ጠፍጣፋው አፍ መግቢያው ላይ ይነቀፋል። እየተነቀፈ ሲገፋ ወደ ቀለሁ ይገባል። ወደ ውስጥ ሲገባ የሚመጣውን ከላይ አይተናል። የተገለበጠ አረር ቅርጽም በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ የለም፤ በውስጡ የሚይዘው ቦታ ከቀጥተኛው የተለየ ስለሆነ የቀጥተኛው መጠን አይሠራለትም።

አረሩ ሙሉ በሙሉ ቀለሁ ውስጥ የገባ ጥይት በዓይኔ አይቻለሁ። ያስ እንዴት ይሆናል?

ትክክል አይታችኋል። ከተለመደው ውጭ የሚቀመጥ አረር በራሱ ኃጢአት የለበትም። ቀለሁ፣ ባሩዱና ሽጉጡ አብረው ለዚያ ከታሰቡ ይሠራል፤ እንዲያውም ግሩም ሆኖ ይሠራል።

እኔ በጣም የምወደው ምሳሌ የ1895ቱ ናጋን ሪቮልቨር ነው፤ የሩሲያ ጦር የታጠቀው። በጥይቱ ውስጥ አረሩ ከቀለሁ አፍ በታች ተደብቆ ይቀመጣል። ሲተኮስ የሚዞረው ጎማ ወደ ፊት ይገፋና ከበርሜሉ ጋር ይገጥማል። የቀለሁ አፍም በርሜሉ ውስጥ ገብቶ ክፍተቱን ይዘጋዋል። በሌሎች ሪቮልቨሮች በዚያ ክፍተት የሚባክነው ጋዝ እዚህ አይባክንም። አረሩ ጠልቆ የተቀመጠው ለፋሽን አይደለም፤ አንድ የታወቀ ችግር ለመፍታት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በ1898 የወጣው .38 ስፔሻል የተባለው የሪቮልቨር ጥይት ነው። ይህ ቀለህ በመጀመሪያ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ስለሆነ ረጅም ነው፤ ውስጡ ሰፊ ቦታ አለው። በጭስ አልባ ባሩድ ሲሞላ ብዙ ቦታ ይተርፋል። ስለዚህ ጠፍጣፋ አፍ ያለውን የዒላማ አረር ከቀለሁ አፍ እኩል አድርገው ያስገቡታል፤ ባሩዱም በዚያው ልክ ይቀነሳል። ወረቀት ላይ እንደ ወረቀት መብሻ ክብ ቀዳዳ ስለሚያወጣ ነጥብ ለመቁጠር ይመቻል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እንዲህ ያለውን ጥይት ብቻ የሚተኩስ «ሞዴል 52» የተባለ በራሱ የሚያጎርስ ሽጉጥ እስከ መሥራት ደርሷል።

ዛሬም ሐሳቡ አልሞተም። የፈረንሳይ ጃጓርና የእንግሊዝ ኤጃክስ ተሽከርካሪዎች ላይ ያለው የ40 ሚሊሜትር መድፍ ጥይቱ ወጥ ሲሊንደር ነው፤ አረሩ በባሩዱ ተከቦ ሙሉ በሙሉ ውስጥ ተደብቋል። በየአንዳንዱ ምሳሌ ግን መሐንዲሱ መሣሪያውንና ጥይቱን አብሮ ነው የነደፈው። ቤት ውስጥ አንዱን ብቻ ስትቀይሩ ሌላው አልሰማም።

ሁለት አረር በአንድ ቀለህ ማስገባትስ?

ፋብሪካ ሠርቶታል። የአሜሪካ ጦር በ1960ዎቹ ሁለት ቀላል አረሮች የያዘ የጠመንጃ ጥይት ነበረው። እነዚያ አረሮች ለዚያ ሲባል ቀልለው፣ ባሩዱም ለዚያ ተመርጦ ነው። በሽጉጥ ቀለህ ውስጥ ተራ አረር ደርቦ ማስገባት ግን ክብደቱን እጥፍ ማድረግ፣ ቦታውንም ማጥፋት ነው። ሁለቱም ግፊት ይጨምራሉ።

ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አለኝ፤ ጥይት የምገዛው ተሠርቶ ነው። ይህ ሁሉ እኔን ምን ያገባኛል?

በጣም ያገባችኋል። ይህን ሁሉ ያነሳሁበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው። የፋብሪካ ጥይት ሳታውቁት በእጃችሁ ወደ «ጠልቆ የተቀመጠ አረር» ሊለወጥ ይችላል።

እንዲህ ነው። አንድ ጠባቂ ሥራ ሲገባ ሽጉጡን ያጎርሳል። ሲወጣ ያወጣዋል። ያወጣትን ጥይት መልሶ ካዝናው አናት ላይ ያስቀምጣታል። በማግስቱ ያችኑ ጥይት ያጎርሳል። በየጊዜው አረሩ መግቢያው ላይ ይመታል። በመታ ቁጥር በጥቂቱ ወደ ቀለሁ ይሰምጣል። ወራት ሲያልፉ ያች አንዲት ጥይት ከጓደኞቿ ታጥራለች። የምትተኮሰውም መጀመሪያ እሷ ናት።

ማወቅ ቀላል ነው። ያችን ጥይት ከዚያው ፓኮ ከወጣች ያልተነካች ጥይት ጎን፣ በጠፍጣፋ ነገር ላይ አቁማችሁ በዓይን እኩል ናቸው ወይ ብላችሁ እዩ። ካሊፐር ካላችሁ ለኩ። በዓይን የሚታይ ልዩነት ካለ አትተኩሷት፤ አረሩን ጎትቼ ላስተካክል አትበሉ። ፈቃዱን ለሰጣችሁ የፖሊስ አካል አስረክቡ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የወጣችውን ጥይት አናት ላይ አትመልሷት፤ ከታች አዙሯት። ደጋግማ የጎረሰችን ጥይት ጨርሶ ከአገልግሎት ማውጣት ከሁሉ ይሻላል። የአንዲት ጥይት ዋጋ ከሽጉጡም ከጣታችሁም አይበልጥም።

የሐይቁ እርጥበትና የከተማው ከፍታ ጥይት ላይ ለውጥ ያመጣሉ?

ከፍታው ሽጉጡ ውስጥ ላለው ግፊት ምንም አያደርግም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ያ ልዩነት ባር በሚባለው የግፊት መለኪያ (ከስፒሩ ሙከራ መለኪያ የተለየ ነው) 0.2 ነው። የ9×19 ጥይት የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት ደግሞ 2,350 ባር። ልዩነቱ እዚያ ውስጥ ይጠፋል።

እርጥበቱ ግን ይነካዋል። በክረምት፣ በተለይ ሐይቁ ዳር ባለ ቤት፣ በቆዳ ማኅደር ውስጥ የሚከርም ጥይት ናሱ አረንጓዴ ያወጣል። ማቀጣጠያዋም ልትደክም ትችላለች። የደከመች ማቀጣጠያ ወይ አትነሳም ወይ ዘግይታ ትነሳለች። ስለዚህ ቃታ ስባችሁ ዝም ካለ አፈሙዙን ወደ አስተማማኝ አቅጣጫ ይዛችሁ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። ጥይት ዘይት አትቀቡ፤ ዘይቱ ወደ ማቀጣጠያዋ ሊገባ ይችላል። «እናድርቀው» ብሎ ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

የማካሮቭ አረር በሌላው የዘጠኝ ቀለህ ላይ ቢቀመጥ ይሠራል?

ማካሮቭ የሶቪየት ሽጉጥ ነው፤ የእሱም ጥይት 9×19ም «ዘጠኝ» ስለሚባሉ ነው ይህ የሚጠየቀው። የማካሮቭ አረር ስፋቱ 9.27 ሚሊሜትር ነው፤ የ9×19 ደግሞ ወደ 9.02። ሩብ ሚሊሜትር የሚሰፋ አረር በጠባብ በርሜል ውስጥ ሲገፋ ብረቱ እየተጨመቀ መሄድ አለበት። ቀለሁም ስለሚነፋ ሲጎርስ ሊጣበቅ ይችላል። ሙሉውን ጥይት አቀያይሮ መተኮስም እንዲሁ ስህተት ነው። ሽጉጣችሁ ላይ የተቀረጸውን ስምና የጥይቱን ፓኮ አስተያዩ።

በቱርክ ሽጉጥስ?

«የቱርክ» ስንል ሁለት የተለያየ ነገር እንቀላቅላለን። ቱርክ ውስጥ ጥሩ የጦር ሽጉጥ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ። ከዚያ ሌላ ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ የተሠራ፣ በኋላ በርሜሉ ተበስቶ አረር እንዲተኩስ የተደረገ አለ። ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አካሉ ብረት አይደለም፤ የዚንክ ቅይጥ ነው። በልኩ የተቀመጠ አረር የሚፈጥረውን ግፊት እንኳ እንዲችል አልታሰበም። እሱ ላይ አረር እያጠለቁ መሞከር ከሙከራ አይቆጠርም። በሕግም ክልክል ነው።

ወደ ሐይቁ መተኮስ ሰው ስለሌለበት አይሻልም?

አይሻልም። አረር ውሃን በአግድም ሲነካ ነጥሮ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም። የ9×19 አረር ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሊጓዝ ይችላል። ጎሕ ሲቀድ ታንኳ ላይ ያለ ዓሣ አስጋሪ ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው አይታይም፤ እሱም ተኩሱን እንጂ አረሩን አይሰማም። በሠርግና በጥምቀት ወደ ሰማይ የሚተኮሰውም ያው ነው፤ የሆነ ቦታ ይወርዳል።

እርሳሱም አለ። ጣና ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው። ረግረጉ ላይ የሚመገቡ ወፎች እርሳስ እንደ ጠጠር ይውጡታል፤ ይመርዛቸዋል። አሜሪካ ለውሃ ወፎች አደን ትናንሽ የእርሳስ እንክብል አረሮችን በ1991፣ የአውሮፓ ኅብረት በረግረግ ቦታዎች በ2023 የከለከሉት ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ እርሳስ የሚያቀልጥ ካለም፦ ብናኙ ምግብና እጅ ላይ ይቀራል፣ የሚጎዳውም ከሁሉ በላይ ሕፃናትን ነው።

ተኩሱ ደካማ ድምፅ ብቻ አሰምቶ ቢቀርስ?

እዚያው ቁሙ። ሁለተኛ አትተኩሱ። ምናልባት ባሩዱ አልነደደም ወይም ጥቂት ነበር፤ አረሩም በርሜሉ ውስጥ ቀርቷል። ቀጣዩ አረር እሱን ከኋላ ሲመታው በርሜሉ ይነፋል ወይም ይፈነዳል። ሽጉጡን ወደ አስተማማኝ አቅጣጫ አድርጉ፣ ካዝናውን አውጡ፣ የጎረሰውን አውጡ፤ ከዚያ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡ። የተገለበጡ ለስላሳ አረሮች ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፦ ቀጭኑ የእርሳስ ጠርዝ ተቀድዶ በርሜሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ተኳሹም ተኩሱ ደህና ስለሆነ አይጠረጥርም።

ቪዲዮው ላይ ሰውየው አጥልቆም ገልብጦም ተኮሰ፤ ምንም አልሆነም። ታዲያ?

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰውየው አልዋሸምና። አንድ ሽጉጥ አንዴ ከልክ ያለፈ ግፊት ቢደርስበት ብዙ ጊዜ ይችለዋል። ሲአይፒ የተባለው የአገሮች የመሣሪያ ፍተሻ ድርጅት ሕግ በሚሠራባቸው የአውሮፓ አገሮች እያንዳንዱ ሽጉጥ ከመሸጡ በፊት ከተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 30 በመቶ በሚበልጥ ጥይት ይፈተናል። ለ9×19 ይህ 3,055 ባር ገደማ ነው። ስለዚህ ትርፍ አቅም አለ። ያ አቅም ግን የተቀመጠው ለፋብሪካ ጉድለት፣ ለሙቀት፣ ለእርጅና ነው። ሞካሪው አውቆ ሲበላው ለሌላው ችግር የሚተርፍ አይኖርም።

ደግሞም ሽጉጥ ሁልጊዜ ምልክት አይሰጥም። በጠመንጃ የማቀጣጠያዋ መጨፍለቅ ወይም የቀለሁ መጣበቅ ግፊቱ መብዛቱን ሊናገር ይችላል። በሽጉጥ ግን ብዙ ጊዜ ቀለሁ ደህና መስሎ ይወጣል፤ ሽጉጡ ውስጥ ያለው ስንጥቅ ግን ይረዝማል። የቀለሁ ኋላ ተቀድዶ ጋዙ በካዝናው በኩል ወደ መዳፍ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ባለው ተኩስ ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለው ሰው ደግሞ ሌላ ባሩድ፣ ሌላ አረር፣ ያረጀ ሽጉጥ ይኖረዋል።

በውጭ አገር ይህን በቁም ነገር የሚመረምሩ ሰዎች ሽጉጡን በእጃቸው አይዙትም። ግፊቱን የሚለካ መሣሪያ የተገጠመለት ወፍራም የሙከራ በርሜል ከጠረጴዛ ጋር ይታሰራል፤ ቃታው ከሌላ ክፍል በገመድ ይሳባል፤ አረሩ በመቶኛ ሚሊሜትር እየተለካ ነው የሚንቀሳቀሰው። ቪዲዮውን ስታዩ መጀመሪያ ይህን ፈልጉ። በርሜሉ በሰውየው እጅ ከሆነ፣ መለኪያም ከሌለው፣ የተኮሰው ሰው ራሱ ግፊቱ ስንት እንደነበር አያውቅም።